አሳዳጅና ተሳዳጅ፤ የአንድ የትምህርት ቤት ጥያቄ ታሪክ

(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ማታ ከሥራ ወጥተው ከቤትዎ ሲገቡ ልጅዎ ደብተሩን ይዞ ይቀርብና እንዲህ የሚል ጥያቄ ያነብልዎታል። «አንድ መኪና በሰከንድ 20 ሜትር እየሄደ በአንድ ፖሊስ ፊት ያልፋል። ፖሊሱም በዚያው ቅጽበት ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ ይከተለዋል፤ የሞተር ብስክሌቱም ፍጥነት በያንዳንዱ ሰከንድ በሰከንድ 2 ሜትር ይጨምራል። ፖሊሱ መኪናውን የሚደርስበት ከስንት ሰከንድ በኋላ፣ በስንት ሜትርስ ላይ ነው?» ልጁ ቀመሮቹን ሁሉ በቃሉ ያውቃቸዋል፤ የትኛውን ከየት እንደሚያገባ ግን አያውቅም። እርስዎም ብዙ ዓመት በመዝገብና በደብዳቤ መካከል ኖረዋልና «አስተማሪህን ጠይቅ» ብለው ጋዜጣዎን ይዘረጋሉ።

ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። እኔም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ ቀመሩን ሸምድጄ ሠርቼዋለሁ፤ ትክክለኛውንም መልስ አግኝቻለሁ፤ ምን እንደ ሠራሁ ግን አላወቅሁም ነበር። ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ የጥያቄውን ታሪክ ሳነብ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማቀርብልዎ ታሪኩን ነው፤ መልሱም ታሪኩን ተከትሎ ይመጣል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንዱ ሌላውን ሲያሳድድ መቼ ይደርስበታል የሚለው ነገር እጅግ ጥንታዊ ነው። በቻይና አገር በሐን ነገሥታት ዘመን የተሰበሰበ፣ በ263ም ልዩ ሁይ የተባለ ሊቅ ትርጓሜ የጻፈበት «ዘጠኙ ምዕራፎች» የሚባል የሒሳብ መጽሐፍ አለ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ጥንቸል 100 እርምጃ ቀድማ ትሮጣለች፤ ውሻም 250 እርምጃ ካሳደዳት በኋላ 30 እርምጃ ሲቀረው ይቆማል። ውሻው ባይቆም ኖሮ ስንት እርምጃ ጨምሮ ይደርስባት ነበር? ይላል ጥያቄው። ውሻው 250 እርምጃ ሮጦ ከመቶው 70ውን ከከፈለ፣ የቀረውን 30 ለመክፈል 107 እርምጃና የእርምጃ አንድ ሰባተኛ ያስፈልገዋል። በምዕራብም በኩል በ804 የሞተው፣ የታላቁ የካርል ቤተ መንግሥት መምህር የነበረው አልኩዊን ደረሰው በሚባለው የጥያቄዎች ስብስብ ውስጥ እንዲሁ ውሻና ጥንቸል አሉ። በመካከላቸው 150 ጫማ ርቀት አለ፤ ውሻው በአንድ ዝላይ 9 ጫማ፣ ጥንቸሉ 7 ጫማ ይሄዳል። በያንዳንዱ ዝላይ 2 ጫማ ይተርፋልና ውሻው በ75 ዝላይ ይደርሳል።

እነዚህ ሁሉ የሩጫቸው ልክ የማይለወጥ ሯጮች ናቸው። ሥራውም የገበያ ሒሳብ ነው፤ በየጊዜው የሚተርፈውን አውቆ ዕዳውን ለትርፉ ማካፈል ብቻ ነው። ችግር የሚመጣው ሯጩ እየሮጠ ፍጥነቱን የጨመረ እንደ ሆነ ነው፤ ምክንያቱም በየጊዜው የሚተርፈው ነገር አንድ ዓይነት መሆኑ ይቀራል፤ እንዲያውም በመጀመሪያ ትርፍ ሳይሆን ኪሳራ ይሆናል።

የቻይናው መጽሐፍ ይህንንም አልዘለለውም። ሁለት ፈረሶች ከቻንግአን ከተማ ተነሥተው 3,000 ሊ ወደሚርቀው ወደ ቺ አገር ይጓዛሉ፤ ሊ የአገሩ የርቀት መለኪያ ነው። ብርቱው ፈረስ በመጀመሪያው ቀን 193 ሊ ይሄድና በየቀኑ 13 ሊ ይጨምራል። ደካማው 97 ሊ ይሄድና በየቀኑ ግማሽ ሊ ይቀንሳል። ብርቱው ከቺ ደርሶ ሲመለስ ደካማውን በመንገድ ያገኘዋል። በስንተኛው ቀን? መጽሐፉ የሚሰጠው መልስ 15 ቀንና የአንድ ቀን 191 እጅ ቢከፈል 135ቱ እጅ ነው። የአሠራሩ ዘዴ ሁለት ግምት አቁሞ ስሕተታቸውን ማመዛዘን ነው። ሁለቱ ፈረሶች እስኪገናኙ ድረስ በድምሩ 6,000 ሊ መሄድ አለባቸው፤ 15 ቀን ቢባል 337 ሊ ተኩል ይጎድላል፤ 16 ቀን ቢባል 140 ሊ ይተርፋል፤ እውነቱ በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። እኔም በወረቀት አስልቼ አግኝቼዋለሁ።

ነገር ግን ክቡር አንባቢ፣ ይህ አሠራር ምን እንደሚያስብ ይመልከቱልኝ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ውስጥ ፈረሱ ከጧት እስከ ማታ በአንድ ልክ ይሄዳል ብሎ ነው ቀኑን የሚሸነሽነው። እንዲህ ከሆነ ፈረሱ ፍጥነት የሚጨምረው መቼ ነው? ማታ ከጋጣ ቆሞ ገብሱን ሲበላ ነው ማለት ነው! በቀን አይጨምርም፤ በሌሊት ግን 13 ሊ ይዘላል። የጥንት ሊቃውንት ጭማሪን ያውቁ ነበር፤ የሚያውቁት ግን እንደ ደረጃ አንድ አንድ እርከን የሚወጣውን ነው እንጂ እንደ ዳገት ሳይቋረጥ የሚወጣውን አልነበረም።

በሕንድም በ1881 በፔሻዋር አቅራቢያ ባክሻሊ በምትባል መንደር ከመሬት የወጣ፣ በዛፍ ልጥ ላይ የተጻፈ የሒሳብ መጽሐፍ፣ በየቀኑ መንገዳቸውን የሚጨምሩ ሁለት መንገደኞች እኩል መንገድ የሚሄዱበትን ቀን ለማግኘት ደንብ ያስተምራል። የመጽሐፉ ዘመን እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል። እዚያም ቢሆን የሚቆጠረው ቀን በቀን ነው።

አሁን ወደ ዋናው መንገደኛ እንምጣ። በ1202 የፒሳው ሌዎናርዶ፣ በኋላ ፊቦናቺ የተባለው፣ የሕንድንና የዓረብን አኃዝ ለአውሮፓ ነጋዴዎች ያስተማረበትን «ሊቤር አባቺ» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ይህ ነው። አንድ ሰው በየቀኑ 20 ማይል ይጓዛል፤ ሌላው በመጀመሪያው ቀን 1 ማይል፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 3 እያለ ይከተለዋል። መቼ ይደርስበታል? መልሱ 39 ቀን ነው፤ 20ን እጥፍ አድርጎ አንድ መቀነስ ነው። ሁለቱም በ39 ቀን 780 ማይል ይሄዳሉ።

በዚህ ጥያቄ ላይ ጥቂት እንድንቆይ እለምንዎታለሁ፤ የልጅዎ ፖሊስ በዚህ ውስጥ ተደብቋልና። የኋለኛው ሰው በመጀመሪያው ቀን በ19 ማይል ይቀደማል፤ በሁለተኛው ቀን በ18 ማይል ይጨመርበታል፤ እንዲህ እያለ ለ19 ቀን ሙሉ ወደ ኋላ ይቀራል። ልዩነቱ 190 ማይል ይደርሳል። በመንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ቢኖር «ይህስ ተስፋ የለውም» ባለ ነበር። በሃያኛው ቀን ሁለቱ እኩል 20 ማይል ስለሚሄዱ ልዩነቱ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይውላል። ከሃያ አንደኛው ቀን ጀምሮ ግን ያው ሒሳብ ይገለበጣል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ የቀረበትን ይመልሳል፤ በ19 ቀን የጠፋውን በ19 ቀን ያገኘዋል። የሚደርስበትም ቀን የሚሄደው 39 ማይል ነው፤ የተሳዳጁ እጥፍ ሊሆን አንድ የቀረው።

ይህ አንድ ማይል ለምን ጎደለ? በቀን ስለ ቆጠርን ነው። ጭማሪውን በየቀኑ አንድ ጊዜ ከማድረግ ይልቅ በየግማሽ ቀኑ እናድርገው፤ ፍጥነቱ በየግማሽ ቀኑ በቀን ግማሽ ማይል ይጨምር። ብናሰላው 39 ቀን ተኩል ይመጣል። በየሩብ ቀኑ ብናደርገው 39 ቀንና ሦስት ሩብ ይሆናል። በየሰዓቱ ብናደርገው 39 ቀን ከ23 ሰዓት፤ በየደቂቃው ብናደርገው ከ40 ቀን አንዲት ደቂቃ ብቻ ይጎድላል። ደረጃው እያነሰ እያነሰ ዳገት በሆነ ጊዜ መልሱ ልክ 40 ቀን ነው፤ የአሳዳጁም ፍጥነት በሚደርስበት ቅጽበት ልክ የተሳዳጁ እጥፍ ነው።

አሁን እኔ በጥቂት መስመር የጻፍሁትን ለማሰብ ግን ከሌዎናርዶ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ምክንያቱም «በዚህች ቅጽበት ያለው ፍጥነት» የሚለው አነጋገር ለጥንቱ ፍልስፍና የማይገባ ነገር ነበር። አርስጣጣሊስ ሲያስተምር በአንዲት ቅጽበት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም ብሏል፤ መንቀሳቀስ ጊዜ ይፈልጋልና። መንገድ ካልተሄደ ደግሞ ፍጥነት ከምን ይለካል?

ይህን ቋጠሮ የፈቱት በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ በመርተን ኮሌጅ ይኖሩ የነበሩ ሊቃውንት ናቸው። ከነርሱም አንዱ ዊሊያም ሄይትስበሪ በ1335 በጻፈው መጽሐፍ እንዲህ የሚል ሐሳብ አቀረበ። የአንዲት ቅጽበት ፍጥነት የሚለካው ነገሩ በሄደው መንገድ አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት የያዘውን ፍጥነት ሳይጨምርና ሳይቀንስ ቢቀጥል ኖሮ በሚሄደው መንገድ ነው እንጂ። ዛሬ መኪናዎ ውስጥ ያለው የፍጥነት መቁጠሪያ «80» ሲል ሰማንያ ኪሎ ሜትር ሄደዋል ማለቱ አይደለም፤ እንዲህ ቢቀጥሉ በሰዓት ያን ያህል ይሄዳሉ ማለቱ ነው። መሣሪያው የሄይትስበሪን ትርጉም ነው የሚናገረው።

ከዚህ ትርጉም ተነሥተው የመርተን ሰዎች አንድ ደንብ አወጡ። ፍጥነቱ ሳይቋረጥ በእኩል ልክ የሚጨምር ነገር በአንድ ጊዜ ውስጥ የሚሄደው መንገድ፣ በመነሻውና በመድረሻው ፍጥነት አማካይ በአንድ ልክ ቢሄድ ከሚሄደው መንገድ ጋር እኩል ነው። ከቆመበት የተነሣ ከሆነ አማካዩ የመጨረሻው ፍጥነት ግማሽ ነው። በፓሪስ ያስተምር የነበረው፣ በኋላም በ1377 የሊዝዩ ጳጳስ የሆነው ኒኮል ኦሬም ደንቡን በሥዕል አሳየው። ጊዜን በጋድም መስመር፣ ፍጥነትን ወደ ላይ በሚቆም መስመር ሣለ። የማይለወጥ ፍጥነት አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ከዜሮ እየጨመረ የሚሄድ ፍጥነት ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ የሥዕሉ ስፋት የተሄደው መንገድ ነው። በአንድ መሠረት ላይ የቆሙ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን ስፋታቸው እኩል የሚሆነው የሦስት ማዕዘኑ ቁመት የአራት ማዕዘኑ እጥፍ ሲሆን ነው።

አሁን ልጅዎን ይጥሩት። ፖሊሱ መኪናውን ደረሰበት ማለት ሁለቱ በአንድ ጊዜ ውስጥ እኩል መንገድ ሄዱ ማለት ነው። እኩል መንገድ ከሄዱ የፖሊሱ አማካይ ፍጥነት እንደ መኪናው 20 ነው። አማካዩ 20 ከሆነ የመጨረሻው 40 ነው። በየሰከንዱ 2 እየጨመረ 40 የሚደርሰው በ20 ሰከንድ ነው። በ20 ሰከንድም መኪናው 400 ሜትር ሄዷል። ይኸው ነው፤ ቀመር አልነካንም። የሁለቱ ልዩነት ከሁሉ የሚሰፋውም ፍጥነታቸው እኩል በሚሆንበት በ10ኛው ሰከንድ ነው፤ ያን ጊዜ መኪናው 200፣ ፖሊሱ 100 ሜትር ላይ ናቸው፤ የሌዎናርዶ መንገደኞች በሃያኛው ቀን እንደ ሆኑት።

ይሁን እንጂ የኦክስፎርድና የፓሪስ ሊቃውንት ይህን ሁሉ ሲያራቅቁ አንዲት ድንጋይ አንከባልለው አላዩም። ለነርሱ የአእምሮ ልምምድ ነበር፤ በዓለም ላይ እንዲህ በእኩል ልክ ፍጥነቱን የሚጨምር ነገር አለ ወይ ብለው አልፈተኑም። በ16ኛው ምእት ዓመት ዶሚንጎ ዴ ሶቶ የተባለ የስጳንያ መነኩሴ የሚወድቅ ነገር እንዲህ ነው ሲል ጻፈ፤ መፈተን ግን እርሱም አልሞከረም። ይህን ያደረገው በ1564 በዚያችው በሌዎናርዶ ከተማ በፒሳ የተወለደው ጋሊሌዎ ጋሊሌይ ነው።

ጋሊሌዎ ያለ ስሕተት የደረሰበት እንዳይመስልዎ። በ1604 በቬኔስያ ለሚኖረው ለመነኩሴው ለፓኦሎ ሳርፒ በጻፈው ደብዳቤ፣ የሚወድቅ ነገር የሚሄደው መንገድ በጊዜው ካሬ ልክ እንደሚያድግ ይናገራል፤ ይህም እውነት ነው። ምክንያቱን ሲሰጥ ግን ፍጥነቱ የሚጨምረው በወደቀበት ርቀት ልክ ነው አለ፤ ይህ ስሕተት ነው። ትክክለኛው መልስ በእጁ ሳለ ምክንያቱን ስቶ ነበር። ፍጥነት የሚጨምረው በርቀት ልክ ሳይሆን በጊዜ ልክ መሆኑን ያረጋገጠው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በደብተሬ ላይ ትክክለኛ መልስ ጽፌ ነገሩን ሳላውቅ የቀረሁበት ነገር በእርሱም ደርሶ እንደ ነበር ባነበብሁ ጊዜ ጥቂት ተጽናንቻለሁ።

ፈተናውን እንዴት እንዳደረገው ራሱ ተርኮታል። ርዝመቱ 12 ክንድ ያህል የሆነ ሳንቃ አዘጋጀ፤ በላዩ ላይ ቀጥ ያለ ቦይ አስቈፈረ፤ ቦዩንም አለስልሶ የጠራ ብራና ለጠፈበት። ሳንቃውን በአንድ ወገን ከፍ አድርጎ አንድ ጠንካራ የነሐስ ኳስ በቦዩ ውስጥ ለቀቀ። በዘመኑ ሰከንድን በትክክል የሚቆጥር ሰዓት አልነበረውምና ከትልቅ ዕቃ በቀጭን ቧንቧ የሚወርድ ውሃ በጽዋ እየተቀበለ በሚዛን መዘነው፤ የውሃው ክብደት የጊዜው ልክ ሆነ። መቶ ጊዜ ደጋግሞ ቢሞክረው ኳሱ የሚሄደው መንገድ ዘወትር በጊዜው ካሬ ልክ ሆኖ አገኘው። በእጥፍ ጊዜ አራት እጥፍ መንገድ፣ በሦስት እጥፍ ጊዜ ዘጠኝ እጥፍ መንገድ ማለት ነው።

ይህን የያዘው መጽሐፍ የታተመበት ሁኔታም ሊነገር ይገባል። ጋሊሌዎ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በማለቱ በ1633 በሮማ ተፈርዶበት፣ በፍሎረንስ አጠገብ በአርቼትሪ ከቤቱ እንዳይርቅ ተወስኖ ይኖር ነበር፤ መጽሐፎቹም እንዳይታተሙ ተከልክለዋል። ስለዚህ መጽሐፉ ወደ ሆላንድ ተሻግሮ በላይደን ከተማ በኤልዝቪር ማተሚያ ቤት በ1638 ታተመ። በዚያን ጊዜ ደራሲው ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ስለሚፋጠን እንቅስቃሴ ባስቀመጠው የመጀመሪያ ማረጋገጫ ላይ የሚገኘው ያው የመርተን ደንብ፣ የሚያስረዳበትም ሥዕል የኦሬምን ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን የሚመስል ነው። ልዩነቱ የጋሊሌዎ ሦስት ማዕዘን የነሐስ ኳስ ያለው መሆኑ ነው። በጥር 8 ቀን 1642 በዚያው ቤት ሞተ።

እንግዲህ የልጅዎን ጥያቄ ከደብተር አውጥተን ወደ ጎዳና ብናመጣው ሌላ ነገር ይታያል። በሰከንድ 20 ሜትር በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህ ከከተማ ወጣ ባለ መንገድ እንግዳ ፍጥነት አይደለም። ፖሊሱ ግን መኪናው አጠገብ ሲደርስ በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው። ደረሰበት ማለት አስቆመው ማለት አይደለም፤ በዚያው ቅጽበት ጥሎት ያልፋል። ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ቢነሣ ደግሞ መኪናው 60 ሜትር ይቀድመዋል፤ አሳዳጁ ከተነሣ በኋላ 22 ከ65 መቶኛ ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል፤ ፍጥነቱም ወደ 163 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሳል። በሦስት ሰከንድ መዘግየት ምክንያት የመድረሻው ሰዓት ከአምስት ሰከንድ ተኩል በላይ ይገፋል። ከአደባባይ ወይም ከትምህርት ቤት በር አጠገብ መኪና ሲሳደድ ያየ ሰው ይህን አኃዝ ቢያውቅ መልካም ነው፤ አደጋው ከተሳዳጁ ይልቅ በአሳዳጁ ዘንድ የሚበዛበት ምክንያት በሦስት ማዕዘኑ ጫፍ ላይ ተሥሎአል።

እርግጥ ነው፤ ሞተር ብስክሌት ሁሉ እስከ መጨረሻው በእኩል ልክ አይጨምርም፤ እግረኛ ሯጭማ ይልቁንም። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ «ማርሽ ቀያሪው» ምሩፅ ይፍጠር 300 ሜትር ያህል ሲቀር የተነሣበት ፍጥነት ሁላችንም የምናስታውሰው ነው፤ ነገር ግን የሰው እግር ፍጥነት የሚጨምረው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሁለት ከፍሎ መሥራት ያስፈልጋል፤ ሦስት ማዕዘኑ ካለቀበት አራት ማዕዘን ይቀጠልበታል።

ጋሊሌዎ ዛሬ ልጅዎ እንደሚጽፈው አድርጎ አልጻፈም፤ የሠራው ሁሉ በሥዕልና በንጽጽር ነበር። ፊደልና እኩል ምልክት ወደ ፊዚክስ የገቡት ከእርሱ በኋላ ነው። ልጁ በፊደል ሲሠራው መኪናው የሄደው 20 ጊዜ ሰከንዱ፣ ፖሊሱ የሄደው የሰከንዱ ካሬ ይሆንለታል፤ እኩል ያደርጋቸውና ሁለት መልስ ያገኛል፤ ዜሮና 20። አስተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ዜሮውን ሰርዝ ይላሉ፤ ልጁም ይሰርዛል። ለምን እንደ መጣ ቢጠይቅዎ ይንገሩት፤ መኪናው በፖሊሱ ፊት ያለፈባት ቅጽበት ናት፤ ያን ጊዜም ሁለቱ በአንድ ቦታ ላይ ነበሩ።